ከ«ቁረጥ» በኋላ የተቀረጸው

«ቆይ ቆይ፣ መልሰው! ምንድን ነው ያየሁት?» አለች ሻለቃ፣ ከኋላ የፕሮፍን ወንበር እየነቀነቀች።

ፕሮፍ በኮምፒውተሩ ላይ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰው። የፊልም ክበቡ የሠራው የፍቅር ኮሜዲ ነገ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይታያል። ቆጣ ቆጣ ስለምትል ሻለቃ የተባለችው ልጅ ዳይሬክተር ናት፤ ምስሉን ቆርጦ የሚቀጥለው ደግሞ ፕሮፍ የሚሉት ልጅ። በስልኩ የሚቀርጸው ልጅ «ቁረጥ!» ሲባል ቶሎ ማቆም ስለማይሆንለት፣ ከየትዕይንቱ ኋላ ያልታሰበ ጭራ ይንጠለጠላል።

በዚህኛው ጭራ ላይ የሚታየው ምሰሶ የሚሉት ልጅ ነው፤ የፕሮፍ የልብ ጓደኛ። ለቁመቱ ሲባል አፍቃሪ ሆኖ እንዲተውን ተመርጧል። ሌሎቹ ከክፍሉ ሲወጡ እሱ ባዶ ወንበር ፊት ተንበርክኮ፣ አብራው የምትተውነውን ልጅ በገጸ ባሕርይዋ ሳይሆን በራሷ ስም ይጠራል።

«እ... ይሄ ድርሰቱ ላይ የለም። የምሬን ነው። ስትስቂ እኔ... ኧረ ምን ነካኝ!» ይልና ግንባሩን ከወንበሩ ጋር ያጋጫል።

ሻለቃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፕሮፍንም ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን አፈረ።

«መጨረሻው ላይ አስገባው! የኛ መጨረሻ እኮ ደረቅ ዳቦ ነው። በዚህ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።»

«እሷም እኮ አዳራሹ ውስጥ ናት።»

«ታዲያ ምን አለ? በአንዴ ተገላገለ! ውለታ ዋልንለት እንጂ።»

«ሳናስፈቅደው?»

«ካስፈቀድነውማ እምቢ ይላላ! አቦ አታካብድ፤ እኔ ወንበር ላስደርድር» ብላ ወጣች።

ፕሮፍ ለሙከራ ያህል ጭራውን መጨረሻው ላይ ቀጠለው። ልክ ለዚያ ቦታ የተሠራ ይመስል ገጠመ። ክበቡ ውስጥ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። «ማነው ያቀናበረው?» ሲባል፣ የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደሱ ሲዞር ታየው፤ ልቡ ቋመጠ።

ደግሞ አየው። አሁን የታየው ሳቁ ሳይሆን የምሰሶ ጆሮ ነው፤ እስከ ጫፉ ቀልቷል። ክፍል ውስጥ የሚፈራው ነገር የሌለ ልጅ፣ ለባዶ ወንበር እንኳ መናገር አቅቶት ይንተባተባል። ለልብ ጓደኛው ለፕሮፍ እንኳን አልነገረውም። ቅር ሊለው ሲገባ አንጀቱን በላው።

የኮምፒውተር መምህሩ በሩ ላይ ቁልፉን አንቃጨሉ። «ልጄ፣ ልዘጋ ነው።»

«መጣሁ ቲቸር፣ አንዴ ብቻ!»

ለምሰሶ ደወለለት።

«አንድ ቁራጭ ልልክልህ ነው። ብቻህን ሆነህ እየው።»

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አለ ምሰሶ ደንግጦ።

«የለም። ከሠራኸው ሁሉ እሱ ይበልጣል። ፊልሙ ውስጥ ግን የለም።»

«ፍሬንድ፣ ሙድ እየያዝክብኝ ነው?»

«አይደለም። ካየኸው በኋላ ማውራት ካማረህ ደውልልኝ። ካላማረህም ተወው።»

ቁራጩን ላከለትና ከኮምፒውተሩ አጠፋው። የድሮውን መጨረሻ መልሶ ሲያየው እውነትም ይደብራል።

አዳራሹ ውስጥ ሻለቃ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻዋን እየጎተተች ነበር። ፕሮፍ ቦርሳውን መሬት ጣለና ሌላውን ጫፍ አነሣላት።

«አላስገባሁትም» አላት።