ለሻለቃ የቀረበ ዳቦ

ጎርፉ በመጣ በስምንተኛው ቀን ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃው ውስጥ ጭቃ በአካፋ እየዛቀ ሳለ፣ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰ። «ኧረ ውጣ! ሻለቃ ተገኘልህ!»

ሻለቃ የጋጋሪው ፈረስ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የዳቦውን ጋሪ ጎትቷል፤ የትኛው ደንበኛ ደጅ እንደሚቆም ከጌታው በላይ ያውቃል። ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ውሃው ሲመጣ ጋጋሪው ገመዱን ፈቶ ከመልቀቅ በቀር ጊዜ አላገኘም፤ እናቱን አዝሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። ፈረሱ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለች ጉብታ ላይ፣ ዙሪያውን ውሃ ከቦት፣ ሰባት ቀን እህል ሳይቀምስ ከርሟል።

ጋጋሪው ሮጦ ደርሶ ሲያየው ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። «አንተ ሰውዬ፣ አለህ እንዴ?» ብሎ አንገቱን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ማን አያለቅስም!

«መጀመሪያ ሐኪሟን እንጠይቃት» አለ ጫማ ሰፊው። «የእንስሳት ሐኪም ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክላለች። የተራበ ከብት ስታገኙ ሳታሳዩኝ አታብሉ ስትል ሰምቻለሁ።»

«ምን ልትለኝ ነው? ሰባት ቀን የተራበውን ድርቆሽ በጭብጥ ስጠው ልትለኝ? የሷ አንጀት ድንጋይ ይሁን፤ የኔ ግን አይችልም!»

ከእርዳታ ካገኘው ዱቄት ግማሹን በገንዳ በጠበጠ፤ ስኳር ጨመረበት፤ የደረቀ ዳቦም ፈረፈረበት። ሻለቃ ቀና ሳይል ላሰው። «ብላ፣ የኔ ጌታ፣ ብላ» እያለ ጋማውን ይዳብሰው ነበር። ከጎርፉ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

በነጋታው ጠዋት ፈረሱ መሬቱን ይቆፍር፣ ዞሮ ጎኑን ያይ፣ ይወድቅና ይንከባለል ጀመር። ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆኗል። ሐኪሟን በሩጫ ጠሯት። መጣች፤ ያላትን መድኃኒት ሁሉ ሞከረች። እኩለ ቀን ላይ ሻለቃ ሞተ።

«በረሃብ ነው አይደል? ዘግይቼ ነው ያገኘሁት» አለ ጋጋሪው።

ሐኪሟ እጇን ታጥባ ወደ እሱ ዞረች። «ወንድሜ፣ ክፉ ሰው ብትሆን ዝም እልህ ነበር። አንተ ጋጋሪ ነህ። ዱቄትና ውሃ ሙቅ ቦታ ሲቀመጥ ምን ይሆናል?»

ጋጋሪው የተነፋውን የፈረሱን ሆድ አየ። ሃያ ዓመት ሊጥ ያቦካ ሰው ነው።

«ሆዱ ሥራ ፈቶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጥቂት ድርቆሽ፣ ጥቂት ንጹህ ውሃ፣ እየቆዩ መልሶ ጥቂት። እህል ከቀናት በኋላ ነው። ደጄ እኮ መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር።»

ሻለቃ በሞተ በሦስተኛው ቀን ጋጋሪው ሳይጠራ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሄዶ ድርቆሽ መመዘን ያዘ። አንዲት አትክልት ሻጭ አህያዋ ተገኝታላት፣ ሳፋ ሙሉ ገብስ ተሸክማ እየሳቀች ገባች። መንገዷ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ገብሱን አስቀምጪው።»

«ምን አገባህ? በራሴ አህያ! ምቀኛ!»

«የኔ ፈረስ ሰባት ቀን ተርቦ አልሞተም» አላት፤ እንባው መጣ። «እኔ አጥግቤው ነው የሞተው።»

ሴትዮዋ አየችው። ከዚያ ሳፋውን መሬት ላይ አኖረችና ሁለት እጇን ዘረጋች፤ እሱም አንድ ጭብጥ ድርቆሽ ሰጣት።

ወገኖቼ፣ አደጋ ያተረፈውን እንስሳ የኛ ጥድፊያ እንዳይገድለው። ማዘን ደግ ነው፤ ያዘነ ሰው ግን እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ይጠይቅ።