በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ

ፍቅር ያልያዘው ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ነካት?» ይላል። ይበል። የያዘው ግን ልጅቷ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ለምን እንደከፈተች ሳይነግሩት ያውቃል።

ላውንደሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ነጭ ሸሚዝ ስታጥብ፣ ስትተኩስ ትውላለች። አንድ ቀን ነጭ ነገር ማየት አንገፈገፋትና ከሥራ ስትወጣ ማዶ ያለው የውበት ሳሎን ገባች።

«ሰማያዊ አድርግልኝ» አለችው ቀለም የሚቀባውን ልጅ። ደንበኞቹ እጀ ወርቅ ነው የሚሉት።

«የቱን ሰማያዊ?»

«ሰማያዊ ነዋ! ስንት ዓይነት አለ?»

ሳቀ። ቀለም የተነከሩ የፀጉር ናሙናዎች አመጣና እያንዳንዱን ወደ ጉንጯ እያስጠጋ በመስታወት ያያት ጀመር። አንዱን «ፊትሽን ያገረጣዋል» አለ። ሌላውን «ዩኒፎርም ይመስላል» ብሎ ጣለው። ደመቅ ያለው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ይሄ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

መጀመሪያ ፀጉሯ መንጣት ነበረበት። «በረኪና ነው እንዴ?» ብላ ስትደነግጥ፣ «ሸሚዝ የምታጥቢው አንቺ ነሽ» ብሎ አሳቃት። ሲጨርስ ግን ኮስተር ብሎ አስጠነቀቃት።

«በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው የምትታጠቢው። ቶሎ ቶሎም አይሆንም። ፀሐይ ላይ ሻሽ አድርጊ። ሙቅ ውሃ ካገኘው አለቀለት።»

«ለላውንደሪ ሠራተኛ ነው ይሄን የምትነግረው?» አለችና መስታወቱን አየች። ራሷን አላወቀችውም። «እጅህ ይባረክ።»

«አሜን» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ቤት ስትደርስ እናቷ «ኧረ ጉድ! የቀለም ጣሳ ነው የተደፋብሽ?» አሉ። እሷ ግን የምታስበው እጁን ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እጀ ወርቅ ጎበዝ ነው። ቀለሙ ንክች አላለም። ቀለሙ ካልለቀቀ ደግሞ ምን ብላ ተመልሳ ትግባ? «ናፈቅከኝ» ልትል? ምላሷ ይቆረጥ እንጂ! ስለዚህ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ የላውንደሪውን ሙቅ ውሃ ከፈተችና ጭንቅላቷን ከሥሩ አስገባች። ሰማያዊው እየታጠበ ወረደ።

«ለቀቀ» አለችው።

እጀ ወርቅ ፀጉሯን አገላብጦ አየው። «የኔ ጥፋት ነው» አለና እንደገና አንጥቶ ሠራላት። እየሠራ አወሩ፤ ስለ እናቷ፣ ስለ እህቱ ቁጣ፣ ስለማይረባውም ሁሉ። ከዚያ እንደገና «ለቀቀ»። እንደገና ሠራላት። እሷ በደስታ ስትከንፍ የእሱ ግን ውስጡ እያረረ ነበር። ፍቅር ዕውር ነው ሲባል የሌላ ሰው ፍቅር መስሏት፣ ያንን አላየችም።

የሳሎኑ ባለቤት ታላቅ እህቱ ናት። «የሌላው ሁሉ ይቆያል፤ የሷ ብቻ ምን ሆኖ ነው?» ትለዋለች ደንበኛ ፊት። «እሷ ስትመጣ እጅህ ይንቀጠቀጣል መሰለኝ!» ሰው አንድ ነገር ደጋግመው ሲነግሩት ያምናል። ቀለም ሲበጠብጥ እጁ የምር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የመጨረሻው ቀን ቀለሙን ቀብቶ ጨርሶ፣ ገንዳው ላይ ፀጉሯን እያለቀለቀ ሳለ ጣቶቹ ቆሙ። ቀና ብላ ስታየው መዳፉ ላይ አንድ ጭብጥ ሰማያዊ ፀጉር ይዟል። ደጋግሞ መንጣት ያደከመው ፀጉር ተበጥሶ ቀርቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ።»

«አይደለም፤ ስማኝ እንጂ…»

«ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጨኝ ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ግን ራሴን ጠላሁት። ስለምወድሽ ነው፤ ሁለተኛ እኔ ጋ እንዳትመጪ።»

ስትመኘው የኖረችውን ቃል ሰማች፤ ምን ዋጋ አለው! እህቱ ቆማ ታያለች፤ ደንበኞቹ ጆሯቸውን አቁመዋል። «ሙቅ ውሃው ነው» ልትለው ፈለገች። ሰው ሁሉ ፊት እንዴት ብላ ትናገረው? ነገ ብቻውን ሲሆን እነግረዋለሁ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ስትሄድ እጀ ወርቅ የለም።

«ሌላ ከተማ፣ አጎታችን ጋ ሄደ» አለቻት እህቱ። ዓይኗ አብጧል። «ቤት ሊቀባ። ግድግዳ አይበጠስም አለኝ።»

ልጅቷ እዚያው ቆማ ሁሉንም ተናገረች። እህትየው መጀመሪያ በጥፊ ልትላት ቃጥቷት ነበር፤ ኋላ አብራት አለቀሰች።

«እትዬ፣ እባክዎ ይደውሉልኝ።»

ደውላ ሰጠቻት።

«በሙቅ ውሃ ነበር የምታጠበው» አለች ልጅቷ። «አንተን ለማየት ብዬ። እጅህ ምንም አልሆነም።»

«ሙቅ ውሃ ቀለም እንደሚፈጅ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ እኮ» አላት ለስለስ ብሎ። «ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው። እግዜር ይስጥሽ። ለኔ ብለሽ ግን አትዋሺ።» ዘጋው። ደግማ ደጋግማ ብትደውል አላነሳም። እህቱ ብትነግረውም አላመነም።

ከዚያ ወዲህ ሙቅ ውሃ ፀጉሯን ነክቶት አያውቅም። በብርድ ጠዋት እንኳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ በቀዝቃዛ ትታጠባለች። ፀሐይ ሲሆን ሻሽ ታስራለች። ሥሩ ጥቁር ሆኖ አደገ፤ የተረፈው ሰማያዊ ግን እንዳለ ነው። «ይሄ ነገር አይለቅም እንዴ?» አሉ እናቷ አንድ ቀን፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ለምን እንደምታለቅስ ግራ ገባቸው።

በመጨረሻ ፎቶ አንስታ ላከችለት። «ያኔ የቀባኸኝ ነው። እየው፤ አልለቀቀም» ብላ ጻፈችበት።

መልሱ የመጣው ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለች ነው።

«እንዴት ያምራል! አሁንም ልታጽናኚኝ ነው አይደል? የኔ ቢሆን ይሄኔ ለቆ አልቆ ነበር። ሥሩን ሳይነካ የድሮውን ብቻ ያደሰልሽ ሰው ብልህ ነው፤ እኔ ይሄን አላሰብኩትም። እሱን እንዳትተይው። እጁ ይባረክ።»

ካውያውን አስቀመጠች። እንባዋ በሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ «አሜን» አለች።