የ«ጥቁሯ» ፊሽካ

«ለመላው ዓለም የባቡር ወዳጆች በሙሉ! የ‹ጥቁሯ› ሎኮሞቲቭ የማሞቂያ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ከፍ መደረጉን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ዝግጅት ክፍሉ።»

ዝግጅት ክፍሉ ኑሕ የሚባል የቀጨኔ ልጅ ነበር። የመላው ዓለም ወዳጆች የቴሌግራም ቻናሉ ላይ አርባ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ አክስቶቹ። ኑሕ ድሮ በጅቡቲ መስመር ትሮጥ የነበረችውን ስመ ጥር የእንፋሎት ባቡር ለኮምፒውተር የባቡር ጨዋታ፣ ከነጥቀርሻዋ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሠራት ኖሯል። ማስታወቂያውን ቅዳሜ ማለዳ ከስልኩ ለቀቀ። ስምንት ሰዓት ላይ እህቱ ቤዛዊት ምሳ ይዛ ስትመጣ ከጓሮው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞቶ አገኘችው።

ኢንስፔክተር ሠርካዲስ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ሐኪሙ፣ ልጁ ሲገኝ ከሞተ አንድ ሰዓት አልሞላውም ነበር ብሏል።

«ወድቆ ነው የሚሉ አሉ» አለ ሳጅን ባጫ።

«ደረጃ የሰው ኮሌታ ይቀድዳል?»

«እኔም አላመንኩም። ለዚህ ነው ገዳዩን የያዝኩት።»

የተያዙት ጋሽ መሸሻ ነበሩ፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ፣ የኑሕ አማካሪ። እጃቸው በካቴና ታስሮ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ትናንት ከኑሕ ጋር ተጣልተዋል?» አለች ሠርካዲስ።

«ተጣልተናል። እሱ ሁለት ሰዓት ከአራት ይላል፤ እኔ ሁለት ሰዓት ከአሥር እላለሁ። አባቴ የጥቁሯ እሳት አንዳጅ ነበር፤ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?»

«ለስድስት ደቂቃ?»

«ለስድስት ደቂቃ ያልተጣላ ሰው በምን ሊጣላ ነው?»

«ዛሬስ መጥተዋል?»

«መጥቻለሁ። መብራት የለም፤ ዝም ብለን ስንሰዳደብ ቆይተን ሰባት ከሩብ ላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ቤትዎ ማን አየዎት?»

«የሚያየኝ ሰው ቢኖር ከኮምፒውተር ልጆች ጋር ምን አዋለኝ?»

ባጫ ጣልቃ ገባ። «ትንሽ ለስለስ ቢሉ ይሻልዎታል።»

«አልለሰልስም። እሰር!»

ቤዛዊት ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ጋሽ መሸሻ ከታሰሩ እዚያው ያልቃሉ። ጥቁሯም የአቢ መጫወቻ ትሆናለች።»

«አቢ ማነው?»

«ከኑሕ ጋር የሚሠራት። የቦይለሩን፣ የውኃ ማፍያዋን፣ ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ‹ፈጣን ማስነሻ› የሚል ቁልፍ ሠርቷል፤ አንዴ ሲጫኑት ውኃው ወዲያው ይፈላል። ውጭ አገር ያሉ የጨዋታው ሰዎች ያለ ቁልፉ አንወስዳትም፣ እስከ ዛሬ ስምንት ሰዓት ድረስ አሳውቁን ብለዋል። ኑሕ ደግሞ ‹እኔ በሕይወት እያለሁ አይገባም› ነው ያለው።»

«አንቺ ስትደርሺ ኮምፒውተሩ በርቶ ነበር?»

«ባቡሯ እየሮጠች ነበር። ፊሽካዋ እስከ በሩ ይሰማል። ኑሕ እየተጫወተ መስሎኝ... ምሳው ይቀዘቅዛል ብዬ እየጮህኩ ገባሁ።»

አቢ የታጠበ ጫማ ያደረገ፣ ሲናገር ሰዓት የሚጠቅስ ልጅ ነበር። «እ... ማለቴ፣ መብራት እስኪመጣ የሙኒያ ዳቦ ቤት ደጅ ቆሜ ነበር። ሃያ ለስምንት ላይ እዚህ በር ስደርስ ፊሽካው ይጮሃል፣ ጋሽ መሸሻ ይቆጣሉ። ጠብ አልወድም፤ በቃ፣ ወደ ሰፈሬ ወደ ዊንጌት ተመለስኩ።»

«ፊሽካውን በጆሮህ ሰማህ?»

«እንዴ! በደንብ እንጂ!»

ሠርካዲስ ወደ ዳቦ ቤቱ ወረደች። ሙኒያ እስከ ክንዷ ድረስ ዱቄት ለብሳ ነበር። «መብራት? ሰባት ተኩል ላይ ነው የመጣው። ከጠዋት ጀምሮ ሊጥ ታቅፌ ስጠብቅ ውዬ ሰዓቱን ልረሳ? አቢም እዚሁ ነበር፤ መብራቱ ሲመጣ እኩል ነው ያጨበጨብነው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ኑሕ ክፍል ተሰበሰቡ። ሠርካዲስ ቤዛዊት ዘንድ የተቀመጠውን የኑሕን ያልተነካ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ የጥቁሯን እሳት ለኮሰች። አሥር ደቂቃ ሙሉ እሳቱ ነደደ። ከዚያ የፊሽካውን ገመድ ሳበች። ፍስስ እንኳን አላለም።

«ቀዝቃዛ ነቻ!» አሉ ጋሽ መሸሻ ተቆጥተው። «ምን ልታደርጊ ትጎትቻታለሽ?»

«ትክክል። ትናንት እስከ ሰባት ተኩል ድረስ መብራት አልነበረም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ባቡሯም ቀዝቅዛ ነበረች። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ባቡሯ ስትሮጥ ቤዛዊት አገኘቻት። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው በግማሽ ሰዓት አለቀ። እንግዲህ ፈጣን ማስነሻው ገብቷል ማለት ነው።»

«ኑሕ ራሱ አስገብቶት ቢሆንስ?» አለ አቢ።

«ጠዋት አራት ደቂቃ ጨምሮ ኩራት ይሰማኛል ያለ ሰው?»

«ጋሽ መሸሻስ?»

«እኔ?» አሉ አዛውንቱ። «ግደሉኝ እንጂ እንደሱ አትስደቡኝ!»

«ቁልፉ የት ነበር፣ አቢ?»

«ፍላሼ ላይ።»

«ሌላ ሰው ዘንድስ?»

አቢ ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

«አንድ ነገር ልጨምርልህ» አለች ሠርካዲስ። «መብራቱ ሲመጣ አጨብጭበሃል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፊሽካ ሰማሁ አልክ፤ ግን አልገረመህም። ቦይለሩን የጻፍከው አንተ፣ በአሥር ደቂቃ ፊሽካ እንደማይኖር ከሁላችን በላይ የምታውቀው አንተ። ያልገረመህ ቁልፉን የተጫንከው ራስህ ስለሆንክ ነው።»

አቢ ጫማውን አየ። «ስትነሳ ካየ ይወዳታል ብዬ ነበር። ፍላሹን ነቅሎ ልወረውረው ብሎ ወደ ደረጃው ሮጠ። ኮሌታውን ያዝኩት፤ ታገለኝ፤ ገፋሁት።»

«ሰው ለምን አልጠራህም?» አለች ቤዛዊት።

«ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። ልልካት ስል ኔትወርክ እምቢ አለኝ። እየሮጠች ትቻት ወጣሁ።»

ባጫ ካቴናውን ከጋሽ መሸሻ እጅ ፈትቶ በአቢ እጅ አጠለቀ።

ቤዛዊትና ጋሽ መሸሻ ሌላ ሦስት ሳምንት ሠርተው ጥቁሯን ያለ ምንም ቁልፍ ለቀቋት። ውጭ አገር ያሉት የጨዋታው ሰዎች በዚያው ቀን ጻፉ፦ ፈጣን ማስነሻው ያልገባበት ምክንያት ቢብራራልን አሁንም እንቀበላታለን። ለመሰናበት ብቅ ያለችው ሠርካዲስ መልእክቱን ከቤዛዊት ትከሻ በላይ አነበበችው።

«ጋሼ፣ አንድ መስመር እኮ ነው። ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው።»

«አልነግራቸውም።»

«እሺ፣ ለእኔስ?»

ጋሽ መሸሻ ወንበራቸውን ወደ ባቡሯ አዞሩ።

«ላንቺም አልናገርም።»