በቀን ስድስት

«ዛሬም ደም አለበት» አለች በድሪያ፣ የባሏን ሲዋክ፣ የጥርስ መፋቂያውን፣ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መብራቱ እያስጠጋች።

መኪያ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። ጫፉ ቀልቷል። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንደዚሁ ነበር።

«አጥብቄ ስለፋቅሁ ነው» አለ አባቷ ተማም፣ ቁርሱ ፊት እንደተቀመጠ። «ይልቅ ፉሉ ሳይቀዘቅዝ ኑ።»

ተማም በዚህ ሰሞን ደስተኛ ነው። አምና ጅዳ ውስጥ ልቡን ተቀዶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከተገጠመለት ወዲህ መካ ውስጥ የሚኖሩበትን የነካሳ ሠፈር ደረጃ ሲወጣ ሦስት ቦታ ቆሞ ያርፍ ነበር። አሁን አንድ ቦታ ብቻ አርፎ እንደሚደርስ ላገኘው ሁሉ ያወራል። ምን አግኝተህ ነው ሲሉት ቡናማውን ጠርሙስ ያሳያቸዋል። አሁንም ከፈተውና ሁለት ወፋፍራም እንክብሎች መዳፉ ላይ አፍስሶ፣ ቢስሚላህ ብሎ ዋጣቸው። ሁለት በቁርስ፣ ሁለት በምሳ፣ ሁለት በእራት።

«መኪያ፣ በደንብ አንብበሽዋል አይደል?» አለች እናቷ።

«አንብቤዋለሁ አልኩሽ እኮ፣ እማ።»

ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ተነሳች። መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ የታጠፈውን ልብስ ፈታ እንደገና አጠፈችው። እግሯ አንድ ቦታ አልቆም አላት።

ጠርሙሱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ተማም በየወሩ ለደም ምርመራ ጅዳ ይሄዳል። በዚያን ቀን ቤተሰቡ ሁሉ አብሮት ሄዶ ሰናይት ቤት ምሳ በሉ። ሰናይት ጅዳ ውስጥ በአንድ የአየር መንገድ ቢሮ ትሠራለች። የሰናይት እናትና በድሪያ ኮምቦልቻ ውስጥ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ የቀይ ሽብር ጊዜ እነ በድሪያን ወደ መካ አሰደዳቸው፣ ሰናይት ደግሞ ቆይታ በሥራ መጣች። ክርስቲያን ስለሆነች መካ መግባት አትችልም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

ሊመለሱ ታክሲ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሰናይት ጠርሙሱን በመስኮት ለተማም አቀበለችው።

«ከለንደን ያመጡልኝ ነው፣ ጋሽ ተማም። ቫይታሚንና አሚኖ አሲድ አንድ ላይ ነው፤ ሰውነት ያጠነክራል ይላሉ። ብቻ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ያሳዩት።»

«እኛ መኪያ አለችን» አለ ተማም እየሳቀ። «እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች።»

መኪያ አልጠጣችውም ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዓረብኛው እንደ መካ ልጆች አፏ ላይ ነው፣ እንግሊዝኛ ከጀመረች ግን ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ለአንዲት ጎረቤት የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለ ቃል ገምታ ልክ ሆነላት። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የመጣ ቆርቆሮና ሣጥን ሁሉ ወደ እሷ ይላካል። አላውቀውም ማለት የነበረባት ያኔ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ካለፈ በኋላ እየከበዳት ሄደ።

በዚያ ምሽት ታች ቤት የሚኖሩት ጎረቤታቸው እትዬ ሱረያ እንኳን ሳይቀሩ ተሰብስበው እያዩአት ጠርሙሱን አነበበች። «እንክብል» የሚለውን አወቀችው። «ምግብ» የሚለውን አወቀችው። «ሁለት» የሚለውንም።

«ከምግብ ጋር ሁለት ሁለት» አለች።

«ከታች ያለው ደቃቁስ?» አሉ እትዬ ሱረያ።

«እሱ የፋብሪካው አድራሻ ነው።»

ሐኪሙ ዘንድ ጠርሙሱን የወሰደው ሰው የለም።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እዚህ አገር ሐሙስና አርብ ትምህርት የለም። አባቷ መንሱር ሠፈር ወዳለው የልብስ ስፌት ሱቁ እንደወጣ መኪያ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አንስታ ጣሪያው ላይ ወጣች። ጓደኛዋ ረሺዳ የታጠበ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻትና ሁሉንም ነገረቻት።

ረሺዳ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ ሳቀች። «እኔ እኮ እውነት የምትችዪ ነበር የሚመስለኝ። ወላሂ ጎበዝ ነሽ።»

«አትሳቂ። አባቴ እየደማ ነው።»

«እና ምን ያስጨንቅሻል? ‹እንደገና ሳነበው ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀን አንድ ነው የሚለው› በያቸው። ኸላስ፣ አለቀ። ማን አንብቦ ያውቅብሻል?»

ነገሩ ቀላል ነበር። በምሳ ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ያበቃል። አባቷ እንደተለመደው እሺ ይላታል፣ እትዬ ሱረያም ሣጥኖቻቸውን ማምጣት ይቀጥላሉ። ጠርሙሱን እያገላበጠች ደቃቁን ጽሑፍ አየችው። አራት መስመር ነው። የፋብሪካ አድራሻ አራት መስመር ይሆናል?

«ካልሆነልሽ ከእጄ ወደቀ ብለሽ ስበሪው» አለች ረሺዳ።

መኪያ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወረደች። እናቷ ቋጥራ ያስቀመጠችውን የአባቷን ምሳ አንስታ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፤ መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አላወቀችም። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እያለች መንሱር ደረሰች።

ተማም ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። መኪናው ግን ቆሟል። ግራ እጁን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ላይ ይዞታል። ጨርቁ ቀልቷል። እግሩ ሥርም ሁለት እንደዚያው የቀሉ ጨርቆች ወድቀዋል።

«ምን ሆንክ፣ አባ?»

«መርፌ ነው። ጣቴን ነካችኝ።»

«መቼ?»

«ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ።» ወደ ግድግዳው ሰዓት አየ፣ ከዚያ ጣቱን አየ። ቀትር አልፎ ስድስት ተኩል ሆኗል። «እንጃ፣ ዛሬ አልቆም አለኝ።»

መኪያ የረሺዳን ዓረፍተ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስልኩን አነሳች። የሰናይት ቢሮ ቁጥር ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተጽፏል።

«ሰናይት፣ መኪያ ነኝ። የሰጠሽን ጠርሙስ… ከታች ያለውን ጽሑፍ ልታነቢልኝ ትችያለሽ?»

«እኔ ጅዳ ሆኜ እንዴት አድርጌ ላንብብልሽ?»

«ፊደሉን አንድ በአንድ እጠራልሻለሁ።»

ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ ፊደሎቹን መጥራት ጀመረች። ቃል ሲያልቅ «ክፍት ቦታ» ትላለች። ከወዲያ ማዶ የሰናይት እርሳስ ወረቀት ሲፍቅ ይሰማታል። ሁለተኛው መስመር ላይ እርሳሱ ቆመ።

«መኪያ፣ ጋሽ ተማም ያንን ደም የሚያቀጥነውን ክኒን አሁንም ይወስዳሉ?»

«በየቀኑ። ለቫልቩ ነው።»

«ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጀምር ይላል። ከላይ ደግሞ ከምግብ ጋር አንድ፣ በቀን ከሁለት እንዳይበልጥ ነው የሚለው። ስንት ነው የሚውጡት?»

መኪያ በትከሻዋ ላይ አሻግራ አባቷን አየች። «ሁለት» አለች።

«እሱስ ደህና። ግን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ነገ እንዳትሉ።»

ስልኩን ዘጋች። አባቷ ሲያያት ነበር።

«ከመድኃኒትህ ጋር አይስማማም ትላለች፣ አባ። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ለመርፌ ቀዳዳ?»

«እባክህ።»

ታክሲ ያዙ። ተማም ጣቱን እንደያዘ ውጭ ውጭውን ያያል። መኪያ ቦርሳዋን በጉልበቷ መሃል አጣብቃ ይዛለች። ሹፌሩ ዑተይቢያ ሠፈር ላይ መንገድ ሲዘጋበት ወርዳ መሮጥ ነበር ያማራት።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበላቸው ሱዳናዊው ዶክተር አብዱረሺድ ነው። ጣቱን አሳሰረው፣ ደም አስቀዳው፣ ክንዱን ሲገልጠው ተማም ራሱ ያላየው ሰማያዊ ሰንበር ከክርኑ በላይ ወጥቷል። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ ሁለት ጊዜ አነበበውና ወንበሩን ሳበ።

«ደምህ ከሚገባው ሁለት እጥፍ በላይ ቀጥኗል» አለ በዓረብኛ። «ዛሬ ጣትህ ነው። ነገ ጭንቅላትህ ውስጥ ቢሆን ማንም አይደርስልህም። ምን አዲስ ነገር ወሰድክ?»

መኪያ ጠርሙሱን አውጥታ ሰጠችው።

ዶክተሩ ዙሪያውን አነበበ። «መጥፎ ነገር አይደለም። አሚኖ አሲዱ ከሥጋና ከባቄላም የምናገኘው ነው። ቫይታሚን ሲ አለው፣ ቫይታሚን ኢ አለው። ቫይታሚን ኢ ሲበዛ ግን ከክኒንህ ጋር ሆኖ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። በቀን ስንት ትውጣለህ?»

«ስድስት» አለ ተማም።

«ስድስት?» ዶክተሩ ጠርሙሱን ከፍ አደረገው። «እዚህ ላይ ከሁለት አይበልጥ ይላል። ስድስት ውሰድ ያለህ ማነው?»

ተማም መጀመሪያ ጠርሙሱን አየ። ከዚያ ልጁን አየ። ብዙም አላያት፤ መኪያ ግን እንደገባው አወቀች። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ማንም አላለኝም» አለ ተማም ወደ ዶክተሩ ዞሮ። «ቶሎ ልበርታ ብዬ እኔው ነኝ ያበዛሁት።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ብዕሩን አንስቶ ፋይሉ ላይ መጻፍ ጀመረ። «ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው የታዘዘውን መስማት አለበት። በራሱ ፈቃድ መድኃኒት የሚያበዛ በሽተኛ ለራሱም አደገኛ ነው። ለጅዳው ሐኪምህ እንደዚሁ ብዬ እጽፋለሁ።»

ተማም አንገቱን ደፋ። በነካሳ ደረጃ ላይ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ የከረመው ሰው እንደ ተማሪ ተገሥጾ ተቀመጠ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ይንቀሳቀሳል። መኪያ የመጀመሪያውን መስመር ከሩቅ አነበበችው፤ ዓረብኛ ነው።

«ዶክተር፣ እንደዚያ ብለህ አትጻፍ» አለች።

ብዕሩ ቆመ።

«አባቴ አይደለም። ስድስት ያልኩት እኔ ነኝ። አንብቢልኝ አለኝ፣ እንግሊዝኛው አልገባኝም፣ አልገባኝም ግን አላልኩም። እሱ ያልኩትን ነው ያደረገው።»

«መኪያ» አለ አባቷ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

«እውነት ነው፣ አባ።»

ዶክተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። ከዚያ የጻፈውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ ሌላ ጻፈ። «ጥሩ» አለ። «እንግዲህ የታዘዘውን ይሰማል ማለት ነው። ይህን ማወቄ ይጠቅመኛል። ቫልቭ ስላለህ ክኒኑን ጨርሰህ ልታቆም አትችልም፤ መጠኑን እያየን እናስተካክላለን። ይህ ጠርሙስ ግን ይቆማል።»

ተማም ሦስት ቀን እዚያው ተኛ። መርፌ ተወጋ፣ በየጠዋቱ ደም ተቀዳ። በመጀመሪያው ቀን ማታ በድሪያ ስትሰማ መኪያን አልመታቻትም፣ አልሰደበቻትም፤ አንድ ሙሉ ቀን ግን አላናገረቻትም። መኪያ አርብን በሙሉ ከጣሪያው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጣሪያው ስትመላለስ ዋለች። ለሰናይትም ደውላ «ሁለት ያልኩሽ ስድስት ነበር» አለቻት። ሰናይት «እኔም በታክሲ መስኮት መስጠት አልነበረብኝም» አለች።

አባቷ ራሱ የተናገረው እሑድ፣ ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ ደረጃው መሃል ለማረፍ ሲቆም ነው።

«ለሐኪሙ ያላሳየሁት ረስቼ አይደለም» አለ እየተነፈሰ። «ተው እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።»

መኪያ አጠገቡ ቆማ እስኪያርፍ ጠበቀችው። በሦስተኛው ቦታም እንደዚሁ ቆሙ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሱረያ እንኳን አላህ ማረህ ለማለት መጡ። ተማም ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። በድሪያ ሻይ ቀዳች። ትንሽ እንደተጫወቱ እትዬ ሱረያ ከለበሱት ጥቁር አባያ ውስጥ አንድ የቅባት ካርቶን አወጡ።

«ለጉልበቴ ብሎ ልጄ ከካይሮ የላከልኝ ነው፤ ጽሑፉ ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። እስቲ መኪያ፣ ጊዜ ካለሽ እዪልኝ።»

እሳቸው ሆስፒታል የሆነውን አልሰሙም። በድሪያ ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ እንዳለ ተወችው። ተማም ወደ መስኮቱ ዞረ።

መኪያ ካርቶኑን ተቀብላ ከላይ ጀመረች። «ለመገጣጠሚያ ሕመም» አለች። «ለቆዳ ብቻ፣ አይዋጥም።» ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረጅም ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። የምትገምተው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ልክም ሊሆን ይችላል።

«እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን አላውቀውም» አለች። «ነገ ጠዋት እስከ መድኃኒት ቤቱ አብሬዎት እሄዳለሁ። እስከዚያ አይቀቡት።»