ኖራ የሸፈነው መስመር

«ከታች ጀምረሽ ቀቢ! ላይ ላዩንማ ማን ያየዋል?» አለች እናቷ ሜልፖ።

የአሥራ አራት ዓመቷ ስታማቲያ ተንበርክካ ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከረች። ኅዳር ላይ ባሕሩ ቤታቸው ገብቶ ሲወጣ ግድግዳው ላይ ቡናማ የጨው መስመር ትቶ ነበር። በዚህች የግሪክ የባሕር ዳር መንደር፣ በታችኛው ሰፈር ሴቶች ዘንድ ያንን መስመር እስከ ፋሲካ ማቆየት ነውር ነው፤ የላይኛው ሰፈር ሰዎች «እንቁራሪቶች» እያሉ ይተርቧቸዋላ! ስለዚህ በየዓመቱ በሕማማት ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ይሆናል።

ዘንድሮ ግን ሦስት ቤቶች የሚቀባቸው ጠፍቷል። አንዱ የጓደኛዋ የቫርቫራ ነው። እነ ቫርቫራ ከውሃው በኋላ ወደ አቴንስ ከሄዱ ወዲህ ስታማቲያ ትምህርት ቤት የምትሄደው ብቻዋን ነው፤ የምትመለሰውም ብቻዋን። በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደምትቆም ግራ ስለሚገባት ያልተፈታ የጫማ ክር ደጋግማ ታስራለች። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያደክም አታውቅም ነበር።

ረፋዱ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጣች። ባሕሩ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ስለሆነ መከላከያ ግንብ ሊሠራ ነው፤ ግንቡ የሚያልፈው ውሃ በገባባቸው ቤቶች በኩል ብቻ ነው።

«እዚህስ ውሃ ገብቶ ያውቃል?»

«ኧረ ምን በወጣን!» አለች ሜልፖ። «ግድግዳው ይኸውልዎት፣ ይዩት!»

«ጎረቤቶችዎም እንደዚሁ ነው ያሉኝ። የላይኞቹ ግን ውሃ ቤታቸው ሲገባ ያነሱትን ፎቶ ይዘው ነው የጠበቁኝ። እንግዲህ ግንቡ እናንተ ሰፈር ሳይደርስ አደባባዩ ጋ ያበቃል ማለት ነው።» ጻፍ ጻፍ አድርጋ ሄደች።

«እማዬ፣ ጠረጴዛ ላይ አይደል እንዴ ያደርነው?»

«ዝም በይ! የሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው?»

«እነ ቫርቫራም ዝም እንዳሉ ነው የሄዱት።»

ስታማቲያ እጇን ሳትታጠብ ወጣች። ጎረቤቶች በየመስኮታቸው ያዩዋታል፤ «ወዴት ነው?» ያላት ግን የለም። ፈርታለች።

መሐንዲሷ መኪናዋን ልታስነሳ ስትል ደረሰችባት።

«ውሃው ገብቷል፤ ሁላችንም ቤት።»

«እስከ የት?»

ማስረጃ የሚሆነውን መስመር በገዛ እጇ በኖራ ሸፍናዋለች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። «እስከዚህ።»

መሐንዲሷ ሜትሯን አውጥታ ከስታማቲያ እግር ሥር ተንበረከከች፤ ለካችና ወረቀቷን ገለጠች። «ማን ነገረኝ ብዬ ልጻፍ?»

ስታማቲያ ዞር አለች። እናቷ በራቸው ላይ ቆማ «እንዳትናገሪ» በሚል ራሷን ትነቀንቃለች።

«ስታማቲያ» አለች ወደ መሐንዲሷ ተመልሳ፤ «የሜልፖ ልጅ።»