ኔሪያ ብቻውን የሄደበት ጠዋት

«ልቀቂኝ!» አለ ኔሪያ፣ እጁን ከቶሃር እጅ መንጭቆ። «ስታቭ መንገድ ስንሻገር እጄን አትይዝም።»

ቶሃር መሀል መንገድ ላይ ደርቃ ቀረች። አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋባት። ኔሪያ ግን ግራና ቀኙን አይቶ፣ ልክ እንደተማረው ተሻግሮ፣ ማዶ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ደረቱን ነፍቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታቅፈው ነበር። አሁን ግን ጆሮዋ ውስጥ የቀረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ስታቭ።

ኔሪያ ታላቅ ወንድሟ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ቢሆንም፣ ከተወለደ ጀምሮ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለበት አንድን ነገር ለመማር ከሌላው ሰው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። ጫማ ማሰር ያስተማረችው ቶሃር ነች። ሰፈር ውስጥ ሲስቁበት የምትጣላለት፣ ሱፐርማርኬት ስትሄድ ይዛው የምትሄድ፣ ሰው የማይገባውን አነጋገሩን የምታስረዳም እሷው ነበረች። ማንም አላዘዛትም። የእሷ ሥራ ነበር፤ የእሷ ብቻ።

ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት በኋላ ግን ሺራ መጣች። ሺራ እንደ ኔሪያ ያሉ ሰዎች እዚያው በሚኖሩበት ከተማ እየሠሩ ራሳቸውን እንዲችሉ ከሚረዳው አገልግሎት የተላከች ሠራተኛ ነች። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ የሥራ ማዕከል የፕላስቲክ ማንኪያ የማሸግ ሥራ አገኘችለት። መጀመሪያ ላይ የአገልግሎቱ ሚኒባስ ከደጅ እየወሰደ ይመልሰው ነበር። ቀጥሎ ሺራ «ለምን በአውቶቡስ ብቻውን መሄድ አይማርም?» አለችና የምታለማምደው በጎ ፈቃደኛ ይዛ መጣች።

በጎ ፈቃደኛዋ ስታቭ ነበረች። የቶሃር የልብ ጓደኛ፣ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ስታቭ።

አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም ተማሪ የሆነ ቦታ በነፃ ማገልገል አለበት። «እኔ ላለማምደው እችላለሁ» ብላ ነበር ቶሃር ለሺራ።

«ለገዛ ወንድም የሚደረግ አይቆጠርም፣ የኔ ቆንጆ» አለች ሺራ በፈገግታ። «ደግሞ ከቤት ውጪም የራሱ ሰው ያስፈልገዋል።»

አይቆጠርም። ቶሃር ቃሉን ሳትውጠው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ስታቭ ደጃቸው ላይ ትደርሳለች። እናታቸው ጌጥነሽ ከፋብሪካ ሥራዋ ደክሟት ብትገባም፣ ለስታቭ ስትል ዳቦ ትጋግራለች። «ተባረኪ የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ» እያለች ትልቁን ቁራሽ ታቀርብላታለች። ቶሃር ዕቃ እያጠበች ትሰማለች። ትምህርት ቤት ደግሞ መምህሯ ስታቭን ለምሳሌ ጠቅሳ ክፍሉን አስጨበጨበችላት። ስታቭ ከኔሪያ ጋር አውቶቡስ ውስጥ የተነሳችውን ፎቶ ማኅበራዊ ገጿ ላይ ለጥፋ የልብ ምልክት ጎርፎላታል።

«ወንድምሽ እኮ እንዴት እንደሚያስቅ!» አለቻት አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት።

«አሁን ነው ያወቅሽው?» አለች ቶሃር፣ ሳንድዊቿን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች።

ስታቭ ግራ ገብቷት አየቻት። «ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ምንም።»

ምንም አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። አንዲት የክፋት ሐሳብ ሳትጠራት እየመጣች ጭንቅላቷ ውስጥ ትቀመጥ ጀመር። ኔሪያ አንዴ ቢሳሳት። ብዙ ሳይሆን፣ ትንሽ ብቻ። ያኔ ሁሉም ወደ እሷ ይዞራሉ፤ ኔሪያም እጇን ይፈልጋል።

በሐኑካ በዓል ዕረፍት ሳምንት ሺራ ቤታቸው መጥታ የፈተናውን ቀን ቆረጠች። ኔሪያ ብቻውን ይሳፈራል፣ ብቻውን ይወርዳል። ከቤተሰብ ማንም አይከተለውም።

«የምትወርድበት ፌርማታ ላይ ማን እንዲጠብቅህ ትፈልጋለህ?» ስትል ጠየቀችው።

«ስታቭ!» አለ ኔሪያ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

እናቱ ሳቀች። ቶሃር የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በዕረፍት ሳምንት የቤት ሥራ እንደሌለ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

በሩ ክፍት ስለነበር የእናቷን ድምፅ ሰማች። «እሺ፣ ይሞክር። ግን ልጄ አንዴ ከጠፋብኝ፣ ሁለተኛ አልሰደውም ሺራ። በሚኒባሱ ይሂድ፤ አበቃ።»

በፈተናው ጠዋት ቶሃር ቀድማ ወጣች። አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ በእግሯ ሄዳ፣ የሹራቧን ኮፍያ አጥልቃ፣ አውቶቡሱ ላይ ተሳፈረች። ከመጨረሻው ወንበር፣ ለሥራ ከሚሄዱ ሰዎች ጀርባ ተቀመጠች። ለምን እንደምትከተለው ብትጠየቅ «እንዳይጠፋ» ትል ነበር። ግማሹ እውነት ነው።

ኔሪያ በሚቀጥለው ፌርማታ ገባ። ካርዱን አስነካና «ቦከር ቶቭ!» አለ ለሹፌሩ፣ የዕብራይስጥ የጠዋት ሰላምታውን አውቶቡሱ ሁሉ እስኪሰማው። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። ወደ ኋላ አልዞረም።

የሚወርድበትን ምልክት ቶሃርም ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ሲደጋግመው ሰምታዋለች። የጎማ መሸጫውን ቢጫ ሰሌዳ ሲያይ አውቶቡሱን የሚያስቆመውን ደወል ይጫናል። ዛሬ ግን ሱቁ ፊት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ሰሌዳውን ጋርዶታል። ኔሪያ አንገቱን አስግጎ ይፈልጋል። የሚያየው የጭነት መኪናውን ጎን ብቻ ነው።

ከቶሃር ፊትም አንድ ደወል ነበር። ጣቷን ብትዘረጋ ይበቃል። አልዘረጋችም።

ፌርማታው ላይ ማንም አልነበረም ከስታቭ በቀር። አውቶቡሱ ሳይቆም አለፋት። ስታቭ እጇን ስታወዛውዝ፣ አፏ ሲከፈት፣ ወደ ኋላ ስትቀር በመስኮቱ ታየች።

ቶሃር ደስ አላት። ደስታው ግን ከአንድ ትንፋሽ በላይ አልቆየም፤ ኔሪያ በሁለት እጁ ጉልበቱን ማሸት ጀምሮ ነበር። ሲፈራ እንዲያ ነው የሚያደርገው። አሁን ተነስታ «ኔሪያ» ብላ ብትጠራው ይዞራል፤ ፊቱ ያበራል፤ እጇን ይይዛል። ለሳምንታት የተመኘችው ይሄንኑ ነው። ከወንበሯ ተነሳች።

ኔሪያም ተነሳ።

«ይቅርታ፣ ሹፌር» አለ። «ፌርማታዬ አለፈኝ። ምን ላድርግ?»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየው። «ምንም ችግር የለም፣ ወንድሜ። ቀጣዩ ላይ ውረድና ወደ ኋላ በእግርህ ተመለስ። ቅርብ ነው።»

«ወደ ኋላ» አለ ኔሪያ ለራሱ። «ወደ ኋላ።»

አውቶቡሱ ቆመ። ኔሪያ ከፊት በር ወረደ። የኋላው በርም ተከፈተ። ቶሃር ምሰሶውን ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች፤ አንድ እግሯ ሊወርድ ተዘጋጅቷል። ኔሪያ እግረኛ መንገዱ ላይ ሆኖ ወደ ቀኝ አየ፤ ወደ ግራ አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እያሰበ ነበር።

እያሰበ መሆኑን ስታይ፣ ቶሃር እግሯን መለሰች። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱም ኔሪያ ወዴት እንደሄደ ሳታይ ተጠመዘዘ።

ስልኳ ጮኸ። ስታቭ ነበረች፤ ልታለቅስ ትንሽ ቀርቷታል። «ቶሃር፣ አልወረደም! አለፈኝ! ለሺራ ልደውል? ወይስ ለእናትሽ?»

ለእናቷ ከተደወለ አበቃ። ነገ ሚኒባሱ ደጃቸው ላይ ነው። ስታቭም ማክሰኞ አትመጣም፤ ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ይሆናል። ቶሃር ዓይኗን ጨፈነች።

«አትደውዪ» አለች። «ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዷል። ሹፌሩን ራሱ ጠይቆ። ወደ አንቺ ነው መምጣት ያለበት፤ መንገዱን እያየሽ ጠብቂው።»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

ቶሃር የሹራቧን ኮፍያ ወደ ግንባሯ ሳበች።

«አውቶቡሱ ላይ ነሽ?» አለች ስታቭ ቀስ ብላ።

«አትንገሪው። እባክሽ። ካላየሽው ቶሎ ንገሪኝ፤ ሮጬ እመለሳለሁ።»

በስልኩ ውስጥ የከባድ መኪናዎች ድምፅ ያልፋል። ይሄን ያህል ጊዜ መፍጀት የለበትም ነበር። ወደ ሌላው አቅጣጫ ሄዶ ቢሆንስ? ለመውረድ ወደ በሩ ተጠጋች።

«ያው!» ብላ ጮኸች ስታቭ። «ያው፣ እየመጣ ነው! እየሮጠ ነው!»

ከዚያ የኔሪያ ድምፅ መጣ፣ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፤ «ስታቭ! ስታቭ! መጣሁ!» የስታቭን ስም ሲጠራ ቶሃርን የሆነ ነገር እንደገና ወጋት። ዛሬም አልተዋትም። ስልኩን ግን አልዘጋችም።

«ቶሃር ስልክ ላይ ናት» አለችው ስታቭ። «ታናግራታለህ?»

«ቶሃር!» እያለከለከ ነበር። «ሰሌዳው ጠፋ! መኪና ቆሞበት! ሹፌሩን ጠየቅኩት! ወደ ኋላ አለኝ፣ እኔም ወደ ኋላ መጣሁ! ማንም አላገዘኝም፤ ብቻዬን!»

ቶሃር የአውቶቡሱን ምሰሶ እንደያዘች ግንባሯን መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

«ብቻህን» አለች። «በል ከመጀመሪያው ንገረኝ። ስትሳፈር ለሹፌሩ ምን አልከው?»