አባ ሽመላ የቀዱት ካሴት

የተሰረቀው አንድ ካሴት ብቻ ነበር።

መርማሪው በስልክ ሲነግሩት ቀልድ መስሎት ነበር። ረግረጉ ዳር ባለችው የጣውላ ክፍል ቆሞ ባዶውን ማጫወቻ ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። አዲሱ ባትሪ እንዳለ ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያዎቹም ከነገመዳቸው አሉ። ቁልፉ አልተሰበረም። ሌባው ከፍቶ ገብቶ፣ ሲወጣ እንደ ባለቤት ቆልፎ ሄዷል።

"ሌላ ቅጂ የለም?"

"የለም፤" አለች የጥብቅ ስፍራው ኃላፊ። "በስልኬ ልቀዳው ሞክሬ ነበር፤ ሹክሹክታ ብቻ ሆነብኝ። በደንብ የሚገለብጥልን ባለሙያ ነገ ነው የሚመጣው።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየችው። ሸምበቆው መካከል ሠላሳ ሽመሎች ቆመዋል። ሁሉም እንጨት ናቸው፤ ተጠርበው ቀለም የተቀቡ።

ረግረጉ ለግጦሽ ተብሎ ከደረቀ ወዲህ ሽመሎቹ ድራሻቸው ጠፍቷል። እሷ ቦዮቹን አስደፍና ውሃውን ከመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው። ሸምበቆው በቀለ፣ ዓሣው ተመለሰ። ሽመላ ግን በላይ በላይ ያልፋል እንጂ አንድም ቀን አልወረደም።

"ሽመላ የሚወርደው ሌሎች ያሉበት ሲመስለው ነው፤" አለች። "ከሌላ አገር የተቀዳ ድምፅ አሰማናቸው፤ አልሰሙንም። እዚህ ይፈለፈሉ የነበሩት ሽመሎች ድምፅ የቀረው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። የሚያልፉበት ወቅት ሊያልቅ አሥር ቀን ቢቀረው ነው። ዘንድሮም ካለፉ ..." አልጨረሰችውም።

"የቀዳው ማነው?"

"የድሮው ጠባቂ። አባ ሽመላ ይሏቸው ነበር። አምና አረፉ።"

መርማሪው አንድ ልማድ ነበረው። ስለ ሌባው ከመጠየቁ በፊት ስለ ተሰረቀው ይጠይቃል።

"ካሴቱ ላይ ምን አለ?"

"ወፎች። መሃል መሃሉ ላይ የሰው ቆሻሻ ድምፅ አለበት፤ ባለሙያው ያጠራዋል።"

በመጀመሪያ የሄደው ከብት አርቢው ዘንድ ነው። ውሃው ሲመለስ የግጦሹን ግማሽ ያጣው እሱ ነው፤ "ያን ጩኸታቸውን አንድ ቀን ጸጥ አደርገዋለሁ" ማለቱንም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

"ብዬ ነበር፤" አለ ሰውዬው ሳያፍር። "የእንጨት ወፍ አቁመው እውነተኛ ወፍ ይጠብቃሉ። እኔም የእንጨት ላም ላቁምና ወተት ልጠብቅ?"

"ካሴቱ ላይ ምን አለ?"

"የምን ካሴት? እኔ ብሰርቅ ማጉያውን ነበር የምሰርቀው፤ የሚያደነቁረኝ እሱ ነው።"

መርማሪው ሳያስበው ፈገግ አለ። እውነቱን ነው።

ዘበኛው ደግሞ ቁልፍ አለው፤ ላብም አጥምቆታል። ግን ያላበው ማታ ተረኛ ሆኖ እህቱን ሊጠይቅ በመሄዱ ነበር፤ እህትየውም አረጋገጠች። ካሴቱን ሰምቶት አያውቅም። ከኃላፊዋና ከዘበኛው ቁልፍ ሌላ ሦስተኛው ቢሮ ውስጥ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ቢሮውን በየቀኑ የሚያጸዱት የአባ ሽመላ ሚስት ናቸው።

ሴትዮዋን ኮሪደሩን ሲወለውሉ አገኛቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው።

"እትዬ፣ ካሴቱን ሰምተውት ያውቃሉ?"

"እኔ? የት አግኝቼ።" መወልወላቸውን አላቆሙም።

"ወፎች ናቸው አሉ። መሃል መሃሉ ላይ ግን ቆሻሻ ድምፅ አለበት፤ ነገ ይጠፋል።"

መወልወያው ቆመ።

"ቆሻሻ አይደለም፤" አሉ። "አሥራ ሰባት ጊዜ ነው የተናገረ። በአንዱም ክፉ ቃል አልወጣውም።"

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከአፋቸው እንዳመለጣቸው ገባቸው። መርማሪውም ወደ ቤታቸው ተከተላቸው፤ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

እዚያም ካሴቱን ከአንሶላ መሃል አውጥተው፣ ሳይጠይቃቸው የባላቸው አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ ከተቱት። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፣ ዝግ ያለ።

"ጧት አሥራ ሁለት ተኩል። ምሥራቅ ዳር። እናትየዋ ሁለት ጫጩት እያበላች ነው። ... ጭቃው ውስጥ የወደቀችው ሚስቴ ናት። ወፎቹ አልደነገጡም፤ የደነገጥኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያም ሽመሎቹ፣ ምንቃር ከምንቃር ሲያንኳኩ፣ መንደር ሙሉ።

"ያን ቀን ጫማዬ እዚያው ቀረ፤" አሉ ሴትዮዋ። "አዝሎ ነው ያወጣኝ። ፎቶው አለኝ፤ ልብሱም አለኝ። ድምፁ ግን ሌላ የትም የለም። ያቺ ልጅ 'ቆሻሻውን አጥፉልኝ' ብላ ስትደውል ሰማሁ። ከሚያጠፉት ብዬ ወሰድኩት። ሰርቄያለሁ ልጄ፤ የምታደርገውን አድርግ።"

መርማሪው የአባቱን ፊት ያስታውሳል፤ እጁን፣ አረማመዱን። ድምፁን ለማስታወስ ሞከረ። አልመጣለትም። ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ ተወው።

"ለምን አልነገሯትም?"

"ምን ብዬ? ወፉ ተጠርቶ ሊመጣ ነው፤ የኔው እንደሆን ተጠርቶ አይመጣ።"

ኃላፊዋ ነገሩን ስትሰማ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ቆሻሻ ያለችው የሙያ አነጋገር ነበር፣ ከወፎቹ ድምፅ ጋር የተቀላቀለ ሌላ ድምፅ ማለቷ፤ ወለል የሚወለውሉት ሴት እየሰሙ መሆኑን ግን ልብ አላለችም። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ክስም የለኝም፤" አለች። ተነሥታም የሴትዮዋን ትከሻ ሳመች። በማግስቱ ባለሙያው ሁለት ቅጂ አወጣ። አንዱ ለሽመሎቹ፣ አንዱ ከነአሥራ ሰባቱ ንግግር ለእሳቸው።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ መርማሪው መዝገቡን ሊያስፈርም መጣ። እሱ፣ ኃላፊዋና ሴትዮዋ ደጅ ቆመው ሳለ ሰማዩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። ዞሩ። ደግመው ዞሩ። ብዙዎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አራቱ ግን ክንፋቸውን ዘርግተው ዝቅ፣ ዝቅ አሉና ከእንጨቶቹ መካከል እግራቸውን ውሃ ውስጥ ተከሉ።

ኃላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቤታቸው መንገድ ሮጥ አሉ፤ ዜና የያዘ ሰው እንደሚሮጠው። አራት አምስት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ዘወር ሳይሉ ብዙ ቆዩ።

መርማሪው ቀረባቸው።

"ልነግረው እኮ ነው፤" አሉ ቀስ ብለው። "እግሬ ራሱ ነው የሄደው።"

"ለእኔ ይንገሩኝ፣ እትዬ።"

አዩት። ከዚያም ወደ ውሃው ዞረው፣ የትኛዋ እናት እንደምትመስል፣ የትኛው ገና ጎረምሳ እንደሆነ፣ ጎጆ ቢሠሩ በየት በኩል እንደሚጀምሩ ይነግሩት ጀመር። መርማሪው መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሞ ሰማቸው።